ሜዳልያ የማይታደልበት ማለዳ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ግለሰቦችም ሆኑ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጧቸው ዕቅዶች በአብዛኛው በውጤት የተጻፉ ናቸው፤ ይህን ያህል ኪሎ መቀነስ፣ ይህን ያህል ብር መቆጠብ፣ ይህን ያህል ነጥብ ማምጣት፣ ምርትን ከአምናው በዚህን ያህል በመቶ ማሳደግ እየተባለ ይዘረዘራል። ዕቅዱን የሚፈጽመው ሰው በየዕለቱ በስንት ሰዓት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራና ራሱን ምን ዓይነት ሰው አድርጎ እንደሚቆጥር ግን በወረቀቱ ላይ እምብዛም ቦታ አያገኝም፤ በመሆኑም ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ፣ ዕቅዱም ከመሳቢያ ሳይወጣ ሲቀር፣ ወቀሳው የሚያርፈው በሰውየው የቁርጠኝነት ማነስ ላይ ይሆናል። ወቀሳው ያለ ቦታው ማረፉን የሚያሳይ ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በዙሪያው ባሉ መንገዶች ላይ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚጀመረው የሯጮች ሥራ በቂ ነው።

ወደ መንገዱ ከመወጣቱ በፊት ሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ይገባል። የውጤት ግብ የሚባለው በተወሰነ ጊዜ መጨረሻ ላይ ተለክቶ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም የሚባልለት መድረሻ ሲሆን፣ የማራቶን ሚኒማ ማሟላት፣ ማለትም ለአንድ ውድድር የሚያበቃውን ሰዓት ማምጣት፣ ወይም በብሔራዊ ፈተና ከግማሽ በላይ ማግኘት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ልማድ ደግሞ በአንድ ዓይነት ቦታ፣ ሰዓት ወይም ሁኔታ ውስጥ ተደጋግሞ ከመሠራቱ የተነሣ ሁኔታው ራሱ የሚቀሰቅሰው፣ ለመጀመር ከራስ ጋር መሟገትን የማይጠይቅ ድርጊት ነው። ማንነት ሲባል እዚህ ላይ በአገሪቱ የፖለቲካ ክርክር ውስጥ የሚነሣውን የብሔር ጉዳይ የሚመለከት ሳይሆን፣ ሰው ስለ ራሱ የዘወትር ምግባር የያዘውንና ሌሎችም የሚያውቁለትን ግምት የሚመለከት ነው፤ ሯጭ፣ አንባቢ፣ ቆጣቢ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ የሚሉት መጠሪያዎች ሁሉ በዚህ ትርጉም የማንነት ስሞች ናቸው።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ጄምስ ክሊር በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙትና በመላው ዓለም በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ በተሸጠው ‹‹አቶሚክ ሃቢትስ›› በተሰኘው መጽሐፋቸው ያራመዱት ሐሳብ የሚነሣው ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ቅደም ተከተል ነው፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውጤቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ ለመግባት ይሞክራል፣ ዘላቂ ለውጥ ግን ከማንነት ተነሥቶ ወደ ድርጊት፣ ከድርጊትም ወደ ውጤት ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ትንሽ ድርጊትም ሰውየው ሊሆን ለሚፈልገው ማንነት እንደሚሰጥ ድምፅ ይቆጠራል ይላሉ። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጉድለቱ ማንነትን አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የሚወስነውና በራሱ ማስረጃ ለራሱ የሚያረጋግጠው ነገር ማስመሰሉ ነው። በዚህ በኩል ጥንቃቄን የሚያስተምር የጥናት ታሪክ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዜጎችን ከምርጫ በፊት ‹‹ድምፅ ስለ መስጠት›› ከመጠየቅ ይልቅ ‹‹መራጭ ስለ መሆን›› መጠየቅ ብቻውን ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄዱትን ሰዎች ቁጥር እንደሚጨምር ዘግቦ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ግን ሌሎች ተመራማሪዎች በሰፊ ናሙና ደግመው ሲሞክሩት የተባለውን ለውጥ ሳያገኙ ቀርተዋል። ሰውን በማንነት ስም መጥራት ብቻ ሰውየውን ያንን አያደርገውም ማለት ነው፤ ስሙን የሚሸከም ሌላ ነገር ያስፈልጋል፣ ያም ነገር ምን እንደሆነ ከመጽሐፉ ይልቅ የአቃቂ መንገድ በግልጽ ያሳያል።

አቃቂ ቃሊቲ ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ የፋብሪካና የመጋዘን፣ የከባድ መኪናና የረጅም የትራፊክ ሰልፍ፣ ለብዙ ዓመታትም የማረሚያ ቤት ስም ሆኖ ቆይቷል። ለሯጮች ግን አቃቂ የፍጥነት ቦታ ነው። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ተራራው ለጽናትና ለዳገት ልምምድ ቢመችም በውድድር ፍጥነት ለመሮጥ አይመችም። አቃቂ አካባቢ ከፍታው 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አየሩም ሞቅ ያለ፣ መሬቱም ለጥ ያለ በመሆኑ፣ አሠልጣኞች ሯጮቻቸውን ለፈጣን ሥራ ወደዚያ ያወርዷቸዋል። በሳምንት ውስጥ አንዱ ቀን ለጫካ፣ አንዱ ለዳገት፣ አንዱ ለኮረኮንች፣ አንዱ ለአስፋልት ይመደባል፤ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ እንጦጦና አቃቂ በዚህ ድልድል ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው የሥራ ቦታዎች ናቸው።

የሥራው ቀን የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም ሯጩ በጊዜ ራቱን በልቶ በጊዜ ካልተኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ተነሥቶ የሯጮቹን ቡድን የሚያጓጉዘው ሰርቪስ ከሚያልፍበት አስፋልት ዳር መቆም አይሆንለትም። አውቶቡሱ በየሰፈሩ እየቆመ ሯጮችን እየለቀመ ሲሄድ አብዛኛው ሰው ሹራቡን እስከ አገጩ ስቦ እንደገና ያሸልባል፤ አንዱ ከቀረ ስልክ ይደወልለታል። ቦታው ላይ ሲደረስ ማሟሟቂያው ይሠራል፣ አሠልጣኙም የዕለቱን ሥራ ይናገራል፤ ኪሎ ሜትሩ በስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ፣ ማን እስከ የት እንደሚመራና መሪነቱ በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሚለዋወጥ የሚወስነው እሱ ነው። ከዚያም ሯጮቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ ከፊት ያለውን ሰው እግር እያዩ፣ በእሱ እርምጃ የራሳቸውን እርምጃ እያስተካከሉ ይሮጣሉ፤ ከኋላ የሚከተለው አውቶቡስም ውኃ ያቀብላል፣ ከአቅም በላይ የሆነበትንም ያነሣል። ፊት መምራት ነፋስ መሸከምና የሌላውን ሰዓት መጠበቅ ስለሆነ ለቡድኑ የሚከፈል ዕዳ ተደርጎ ይታያል፤ ከሥራው በተረፈው ኃይል መጨረሻ ላይ ብቻ ፈትለክ ብሎ የሚወጣ ሰው በአሠልጣኙ ይገሠጻል፣ በጓደኞቹም ዘንድ አይመሰገንም።

ማይክል ክሮውሊ የተባሉ ብሪታንያዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ፣ ራሳቸውም የማራቶን ሯጭ የሆኑ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሯጮች ጋር 15 ወራት ያህል ኖረው በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሕይወት በዝርዝር ይተርካል። ከታዘቧቸው ነገሮች መካከል ለዚህ ሐተታ በጣም የሚጠቅመው፣ ለብቻ መሮጥ ለጤና ያህል ነው፣ ለመለወጥ የፈለገ ከሰው ጋር መሮጥ አለበት የሚለው የሯጮቹ እምነት ነው። መለወጥ የሚለው ቃል በሯጮች አነጋገር ሰዓት ማሻሻልንም፣ ኑሮ ማሻሻልንም፣ ሌላ ሰው መሆንንም በአንድ ላይ ይይዛል፤ ‹‹ኮንዲሽን›› የሚሉት የብቃት ደረጃም እንደ ግል ንብረት ሳይሆን ከሰዎች፣ ከቦታና ከዕረፍት ጋር በሚኖር ግንኙነት እንደሚመጣና እንደሚሄድ ነገር ይቆጠራል። ከሥራ በኋላ መተኛት ራሱ ሥራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲዞር የታየ ሯጭ በማግሥቱ ‹‹ትናንት የት ነበርክ?›› ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። አንድ ሰው እንዲህ ባለ ክትትልና እንክብካቤ ውስጥ ሁለት ዓመት ከቆየ ሯጭነቱን በመስተዋት ፊት ቆሞ ለራሱ መንገር አያስፈልገውም፤ ሰርቪሱ ሰፈሩ መጥቶ ይቆምለታል፣ የቤት አከራይዋ ሴትዮም ማታ ማታ ጩኸት እንዳይበዛ ልጆቿን ትቆጣለታለች።

እዚህ ላይ የክለቦቹን ድርሻ ማንሣት ተገቢ ነው። መቻል፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ፌዴራል ማረሚያ ቤቶችን የመሳሰሉ ክለቦች ለአትሌቶቻቸው ወርኃዊ ደመወዝ ይከፍላሉ። ደመወዙ በውጭ አገር ውድድር ከሚገኘው የሽልማት ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢሆንም፣ ተግባሩ ግን ከሽልማቱ የተለየ ነው፤ ሽልማት የሚከፈለው ላሸነፈ ሲሆን ደመወዝ የሚከፈለው ለሠራ ነው፤ ስለዚህም የወሩ መጨረሻ ክፍያ ሯጩ ዘንድሮ ባያሸንፍም ሯጭ ሆኖ መቆየቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይሆናል። ክለብ የሌለው ወጣት ግን እያንዳንዱ ውድድር የህልውና ጥያቄ ስለሚሆንበት፣ ገና ያልዳነ ጉዳት ይዞ ወደ ውድድር የሚገባውም፣ አሠልጣኙ ቀላል ብሎ ባዘዘው ቀን ጠንክሮ የሚሮጠውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ውጤት ብቻ ሲቆጠር ውጤቱን የሚያመጣው ሥራ እንደሚበላሽ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ስለ ዝግጁነት ከተነሣ የታምራት ቶላን የፓሪስ ማራቶን ማለፍ አይቻልም። ለ2024ቱ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ የወንዶች ማራቶን ቡድን ሲመረጥ ታምራት ተጠባባቂ ነበር፤ የዚያን ዓመት የቦስተን ማራቶን አሸናፊ ሲሳይ ለማ ጉዳት አጋጥሞት ቦታውን ሲለቅለት ውድድሩ ሊደርስ የቀረው ጊዜ በጣም አጭር ነበር፤ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን አቀበትና ቁልቁለት በበዛበት የፓሪስ ጎዳና 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ተይዞ የነበረውን የኦሊምፒክ ሪኮርድ በ6 ሰከንድ አሻሽሎ ወርቁን ወሰደ። ማራቶን በሁለት ሳምንት ዝግጅት የሚሮጥ ርቀት አይደለም፤ ለማራቶን የሚያበቃው ሥራ ወራት ይወስዳል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዲያውም ልምምድ የሚቀነስባቸው ናቸው። ስለዚህ ታምራት የመሮጥ ዕድል ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ እንደሚሮጥ ሰው ሲሠራ ከርሟል ማለት ነው። ግቡን ብቻ የሚያይ ሰው ግቡ በተከለከለበት ዕለት ሥራውን ይቀንሳል፤ ይህ በታምራት ላይ አለመታየቱን ጀግንነት ብሎ ማለፍ ቀላል ቢሆንም፣ አንድ ሰው ተጠባባቂ ተባለም ተመራጭ ሰርቪሱ በሰዓቱ መምጣቱንና ቡድኑ መሥራቱን እንደማያቋርጥ ማስታወስ ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል።

የሥነ ልቦና ምሁራን ያገኙት ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው። ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች በየሰዓቱ የሚሠሩትን እንዲመዘግቡ ሲደረግ፣ ከድርጊቶቻቸው 43 በመቶ ያህሉ በተለመደ ቦታና ሁኔታ፣ አእምሮ ሌላ ነገር እያሰበ የሚፈጸሙ ሆነው ተገኝተዋል። የለንደኗ ተመራማሪ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው ደግሞ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ድርጊት መርጠው፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት ወይም ከራት በፊት መሮጥ፣ ለ12 ሳምንታት በየዕለቱ እንዲደግሙት አድርገው፣ ድርጊቱ ያለ ማሰብ የሚሠራ እስኪሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ለክተዋል፤ መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን የሚደርስ ልዩነት ታይቷል፤ በመካከሉ አንድ ቀን መዝለልም ሒደቱን ያን ያህል እንዳላሰናከለው ተመዝግቧል። በየመድረኩ በ21 ቀን ልማድ ይገነባል እየተባለ የሚነገረው በዚህ ጥናት ፊት አይቆምም። የሁለቱም ጥናቶች ዋና ቁም ነገር ልማድን የሚቀሰቅሰው የፍላጎት ጥንካሬ ሳይሆን የሁኔታው አለመለዋወጥ መሆኑ ነው፤ ያው ሰዓት፣ ያው መንገድ፣ ያው ሰው።

እንዲህ ዓይነቱ የሁኔታ ኃይል ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በዓመት 180 ቀን ገደማ እንዲጾሙ ሥርዓቱ ያዛል፤ በዐቢይ ጾም አቃቂ ገበያ ዙሪያ የሚገኙ ልኳንዳ ቤቶች ሲዘጉና ምግብ ቤቱ ሁሉ በያይነቱ ሲያቀርብ ጾሙን መጠበቅ የግል ትግል መሆኑ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ረመዳንም እንዲሁ ነው። ጾመኛ ስንት ቀን እንደጾመ ቆጥሮ ለራሱ ነጥብ አይሰጥም። ዕድርም በአባልነት እንጂ በግብ አይመራም፤ በየወሩ መዋጮ የሚከፍል፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል የሚገኝ ሰው ዕድርተኛ ነው፤ ዘንድሮ ስንት ለቅሶ ደረሰ ተብሎ አይመዘንም፣ ከቀረ ግን ይቀጣል።

በአቃቂ ቃሊቲ ከሯጮቹ ሌላ ልማድን የሙጥኝ ብሎ የያዘ፣ ቢያንስ ለመያዝ የሞከረ፣ ሁለተኛ ዓለም አለ፤ እሱም ፋብሪካው ነው። ካይዘን የሚባለው የጃፓን የአሠራር ፍልስፍና፣ ማለትም በትላልቅ ዝላይ ሳይሆን ሠራተኛው ራሱ በየዕለቱ በሚያገኛቸው ጥቃቅን ማሻሻያዎች ምርትንና ጥራትን የማሳደግ ዘዴ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለጃፓን መንግሥት ባቀረቡት ጥያቄ መነሻነት ሲሆን፣ ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በ30 ፋብሪካዎች ከተሞከረ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ‹‹አምስቱ ማዎች››፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ የዚህ ዘዴ መግቢያ በር ናቸው። የማያስፈልገው ዕቃ ከሥራ ቦታው ይወገዳል፤ የሚያስፈልገው ቦታ ይሰጠዋል፤ በወርክሾፑ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በቀለም ይሳልና መፍቻው ሲጎድል ባዶ ቅርጹ ከሩቅ ይታያል፤ ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ‹‹ማነው የወሰደው?›› መባሉም ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማዎች በዘመቻ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሚኒስትር ይጎበኛል ሲባል ፋብሪካ በአንድ ሳምንት ሊጸዳ መቻሉን የማያውቅ የአገሪቱ ሠራተኛ የለም። የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በዘመቻ አይሆኑም፤ እነሱ የሚፈልጉት ማለዳ ማለዳ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት የሚደረገው የአሥር ደቂቃ ስብሰባ ጎብኚ በሌለበት ቀንም መደረጉን፣ አለቃውም ራሱ መሬት የወደቀ ብሎን ማንሣቱን ነው። አንድ ድርጅት ካይዘንን ከሥራ አስኪያጁ የአፈጻጸም ሪፖርት ውስጥ እንደ አንድ መስመር ሲይዘው፣ በሪፖርቱ ላይ የሚታየው የተመሠረቱት የልማት ቡድኖች ብዛት ይሆናል፤ ቁጥሩ ይሞላል፣ ውጤቱ የሚጻፍበት የግድግዳ ሰሌዳ ግን ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ባለፈው ዓመት ቁጥር ላይ ቆሞ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ አቧራ ጠጥቶ የሚታይባቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ቡድን ሁሉ ግን የሯጮቹ ዓይነት ቡድን አይደለም። በኢሕአዴግ ዘመን በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በቀበሌ የተዘረጋው ‹‹አንድ ለአምስት›› የሚባለው አደረጃጀት በወረቀት ላይ የልምድ መለዋወጫና የመተጋገዣ ዘዴ ነበር፤ በአፈጻጸሙ ግን ብዙዎች እንደ መከታተያ ስላዩት፣ የአባላቱ ማንነት ሳይሆን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ሆኖ ቀርቷል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በአቃቂ መንገድ ፊት የሚመራው ሰው ነፋሱን ለሌሎች ይሸከማል፣ ተራው ሲደርስም ሌላው ይሸከምለታል፤ ከላይ በተመደበ ቡድን ውስጥ ግን መሪው ምንም ሳይሸከም ስም ይመዘግባል። ማንነትን የሚያውስ ቡድን አባሉ የሚያጣውንና የሚያገኘውን በየዕለቱ የሚያይበት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሰዎች ልማዱን ሳይሆን ልማዱ ያላቸው መስሎ መታየትን ይማራሉ።

ውጤትን ብቻ ማሳደድ በአገር ደረጃ ምን እንደሚያስከትል የ12ኛ ክፍል ፈተና በቂ ምስክር ነው። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ተደርጎ የኩረጃ መንገዱ ሲጠብ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ትምህርት ቤቶች፣ ወላጆችና ተማሪዎች ይዘውት የነበረው ግብ አንድ ቁጥር ማለፍ ነበር፤ ቁጥሩም በብዙ መንገድ ይታለፍ ነበር። የማታ ጥናት፣ የንባብ ሰዓት፣ ያልገባውን መጠየቅ የማያሳፍርበት ክፍል ቁጥሩን በቀጥታ ስለማያሳድጉ ማንም አልቆጠራቸውም ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ግብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌታም የተባሉ ምሁራን በአሥርት ዓመታት ምርምር እንዳረጋገጡት፣ ግልጽና ጠንከር ያለ ግብ ‹‹የቻልከውን አድርግ›› ከሚል ልል መመሪያ የተሻለ ሥራ ያስገኛል፤ ይህም በተለይ ሠራተኛው ሥራውን በሚችልበትና ግቡን በተቀበለበት ጊዜ ነው። የአቃቂ ሯጮችም ቢሆኑ ያለ ግብ አይሮጡም፤ የእያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ሰዓት በሴኮንድ ያውቃሉ፣ ስለ ዱባይና ስለ ሮተርዳም ማራቶኖች ያወራሉ፣ ማናጀር እንዲያያቸው ይፈልጋሉ። ከእነሱ መካከል አብዛኞቹ የውጭ ውድድር ሳይሮጡ መቅረታቸውም እውነት ነው፤ ልማድና ጽናት ብቻ ዕድልን፣ ጤናንና ተሰጥኦን አይተኩም፣ ይተካሉ ብሎ ለወጣት መስበክም ሐሰት ከመሆኑ በላይ ጭካኔ ነው። የሚለየው ግቡ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ለዕለቱ ሥራ አቅጣጫ ይሰጣል እንጂ ሰውየው ማን እንደሆነ አይወስንም።

ማንነትም ቢሆን ሲጠብ ያስራል። ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማራቶን በጉልበቱ ሕመም ምክንያት ሩጫውን አቋርጦ ከወጣ በኋላ እዚያው ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ውሳኔውን ሰርዞ ወደ ልምምድ ተመለሰ፤ ከውድድር መሰናበቱን ያረጋገጠው ገና በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በአንድ መጥፎ ቀን ሊፈርስ ያልቻለው ለሃያ ዓመታት የተገነባ ማለዳ ነበር። የሻምበል አበበ ቢቂላ ታሪክ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክታል። በሮም በ1960ና በቶኪዮ በ1964 እ.ኤ.አ. የማራቶንን ወርቅ በተከታታይ ያሸነፈው አበበ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተሳተፈ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በበረዶ ላይ መጓዝ ባልተለመደበት አገር ያደገ ሰው በውሻ ጋሪ ማሸነፉ አስገራሚ ቢመስልም፣ ተወዳዳሪነቱ ከእግሩ የሰፋ እንደነበር ግን ያሳያል። ሩጫ ብቻውን ማንነቱ ቢሆን ኖሮ በ1969 ሁሉም ነገር ባበቃ ነበር።

ልማድ በሁኔታ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ሁኔታውን ማን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ከግለሰቡ ወደ ከተማው ይሻገራል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በአቃቂ ቃሊቲና በዙሪያው ኮዬ ፈጬን፣ ቱሉ ዲምቱንና ገላንን የመሳሰሉ ግዙፍ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ተነሥተዋል፤ ጤፍ ይዘራባቸው የነበሩ ማሳዎች ሕንፃ ሆነዋል፣ በማሳዎቹ መካከል ይሄዱ የነበሩ የኮረኮንች መንገዶችም ተቆርጠዋል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለእግረኛና ለሯጭ ዝግ ነው፤ ነባሩ አስፋልት ደግሞ የጭነት መኪና ሰልፍ አይለየውም። ቤት ለሌለው ሰው ቤት መሠራቱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ለሺዎች የኑሮ መጀመሪያ ነው። የሩጫ ማሠልጠኛ ሲባል ግን በፕላን አውጪዎች ዘንድ ወዲያው የሚታሰበው ትራክና ስታዲየም፣ ማለትም ውጤት የሚለካበት ቦታ ነው፤ ሯጩ ከዓመቱ ቀናት አብዛኛውን የሚያሳልፍበት ጥቂት ኪሎ ሜትር ያልተነጠፈ አፈር መንገድ፣ ከስታዲየሙ ወጪ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ተከልሎ ሊቆይ የሚችለው፣ በካርታው ላይ ስም እንኳ የለውም። መንገዱ በራቀ ቁጥር ሰርቪሱ ቀድሞ ይነሣል፤ ከ11 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ተኩል የተገፋ መነሻም ከሯጩ እንቅልፍ ላይ የሚቆረጥ ነው፣ እንቅልፉም የሥራው አካል ነበር።